የእንቁላሉ ጥፋት

«እንቁላሉ ነው ስልሽ! ያ የእርባታ ዶሮ እንቁላል!» አለች አክስት፣ በዚያ ሳምንት ለሰባተኛ ጊዜ። «በመርፌ ያበጠ ዶሮ የጣለውን የበላች ልጅ ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል?»

አክስት የአባት ታናሽ እህት ናት፤ ወሬ ከጀመረች የሚያስቆማት ትራፊክ የለም። ልብስ ሰፊዋ እናት የስፌት መኪናዋን ፔዳል ረገጥ ረገጥ አድርጋ የዩኒፎርሙን ጠርዝ መስፋቷን ቀጠለች። አጠገባቸው ቁልፍ የምትተክለው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ታላቂቱ ልጅ ግን ጣቷን ወጋች።

እንቁላል ስትጠላ ለጉድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የቁርሷን እንቁላል በጠረጴዛ ሥር ለታናሽ እህቷ ስታቀብል ኖራለች።

ታናሺቱ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያያት ሁሉ ግን አሥራ ሁለት ይሰጣታል። ብጉር አወጣች፤ ላቧ እንደ አዋቂ ላብ መሽተት ጀመረ። ክፍል ውስጥ «እትዬ» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። እናት መጀመሪያ የጠረጠረችው ሜትሯን ነበር። በጥቂት ወር ውስጥ ስድስት ሳንቲም መርዘም? «ታጥቦ ተኮማትሮ ነው» ብላ ጣለችውና አዲስ ገዛች። አዲሱም ያንኑ ተናገረ። ልብስ ሰፊ ልጁን ከመጠርጠር ሜትሩን ይጠረጥራል።

ሐኪሟ የታናሺቱን የእጅ ራጅ ወደ መብራቱ አነሳች።

«አጥንቷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥንት ይመስላል። አንጎል ሥር አተር የምታህል ዕጢ አለች፤ አንጎል ‹ጊዜው ደርሷል› ሲላት ለአቅመ ሔዋን የሚያደርሰውን ሆርሞን ታስለቅቃለች። የዚች ልጅ አንጎል ቸኩሎ አዘዘ። ዝም ካልነው ዛሬ ከጓደኞቿ ትረዝማለች፣ ነገ ቁመቷ ቀድሞ ይቆማል።»

ታላቂቱ ከእናቷ ጀርባ ሆና ሰማች። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ግን ሐኪም ምክንያቱን ሳያውቅ እንዴት ያድናል?

«ዶክተር… እኔ ነኝ። እንቁላሌን ሁሉ ያበላኋት እኔ ነኝ።»

«ላንናገር ተባብለን አልነበር እንዴ!» ብላ ታናሺቱ ጮኸች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «እንቁላል እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይሰጥም፣ የኔ ልጅ። ምግብሽን ነው ያካፈልሻት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም፤ አንዳንዴ በዘር ይወርዳል።» ወደ እናት ዞረች። «በቤተሰባችሁ እንዲህ ቀድሞ የደረሰ ሰው አለ?»

«በእኔ በኩል የለም። የአባቷን እህትም ጠይቄያት ነበር፤ የለም ብላኛለች።»

«እንግዲያው ሌላ ነገር እንዳይኖር አንጎሏን በምስል እንየው።»

ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት እናት አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፣ አንድ ኪስ ጀርባ ላይ ለጠፈች። ታላቂቱም እህቷ ራሴን አመመኝ ባለች ቁጥር ግንባሯን ትዳስስላት ነበር። ምስሉ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ችኮላውን የሚገታው፣ በየወሩ የሚሰጠው መርፌም ተጀመረ።

ሦስተኛው መርፌ በተሰጠ ማግስት አክስት መጣች። እናት ልብስ ልታስረክብ ወጥታለች። ታላቂቱ ለዚህች ቀን ምላሷን ስላ ነው የጠበቀችው፦ «አክስቴ፣ ዶክተሯ እንቁላሉን ነጻ አውጥታዋለች፤ ወሬሽን ግን እስካሁን አልመረመረችውም» ልትላት።

አክስት ግን ስለ እንቁላል ትንፍሽ አላለችም። የታናሺቱን ክንድ ይዛ ፕላስተሩን በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገችው።

«ያማል?»

«የመጀመሪያው ያማል። ይሄኛው ግን ቀላል ነው» አለችና ታናሺቱ ልትጫወት ሮጠች።

አክስት በሩን እያየች ቀረች። ስትቆም ቁመቷ ከታላቂቱ ጆሮ አያልፍም። ታላቂቱ የተሳለውን ነገር ከነስለቱ ዋጠችና ወንበር ሳበችላት።

አክስት ተቀመጠች። የተቆረጠ ክር ከመሬት አንስታ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

«እኔን ሲጀምረኝ ሰባት ዓመቴ ነበር» አለች።