አንድ ጊዜ ካንኳኳሁ ቆይ

ይሄን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። እውነት ነው። በራሴ ቤት፣ በራሴ እጅ የሆነ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ቀን በብርሃን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው።

አናጺ ነኝ። እጄ የማይገባበት ሥራ የለም ብዬ የምኩራራ ሰው ነበርኩ።

ነበርኩ...

እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ እላታለሁ። እሷ ደግሞ ጺሜ ሸብቶ እንኳን «ማሙሽ» ነው የምትለኝ። አምና ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ተደረገችና ድምጿ ጠፋ። የቀራት ሹክሹክታ ብቻ ነው። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ እኛ ጋ አመጣኋት። ከሳሎናችን ጎን የጣውላ ክፍል ሠራሁላት፤ ጣሪያው ቆርቆሮ።

መጣራት ስለማትችል ግድግዳውን ታንኳኳለች። ሦስት ጊዜ ከሆነ «ና» ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከሆነ ደግሞ «ቆይ፣ አትምጣ»። ልብስ ስትቀይር፣ ወይም ስትጸልይ።

የቀረው መብራቱ ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ኤሌክትሪሽያን ነው። «ቅዳሜ መጥቼ እዘረጋልሃለሁ። እስከዚያ እንዳትነካው፣ አደራ» ብሎኛል። ይሄን ያለኝ ሰኞ ነው። እትዬን አምስት ቀን በጨለማ ላስቀምጣት? ሽቦ መዘርጋት ምን ይከብዳል?

ገዛሁና ከኮርኒሱ በላይ፣ በማገሩ እንጨት ላይ ዘረጋሁት። በሚስማር መታሁት፣ ልክ እንደ ጣውላ። እኔ ደግሞ የሚስማር ጭንቅላት ወጥቶ ማየት አልወድም። እስኪሰምጥ ነው የምመታው። የሙያዬ አመል ነው።

መብራቱ በራ። እትዬ እንደ ሕፃን አጨበጨበች። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች መጡ...

አምፖሉ፣ ማጥፊያውን አጥፍተነው እንኳን ደብዘዝ ብሎ ይበራል።

ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልቦላው፣ ያ አደጋ ሲኖር መብራት የሚቆርጠው ፊውዝ፣ ይቃጠላል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቃጠል ሰለቸኝና ወፈር ያለ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዤ አሰርኩበት። ከዚያ ወዲያ አልተቃጠለም። «ጎበዝ!» አልኩ ራሴን።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ማሙሽ... የልብስ ማስጫው ሽቦ እጄን ቆነጠጠኝ» አለችኝ በሹክሹክታ።

የልብስ ማስጫው ሽቦ አንዱ ጫፍ ከጓሮው እንጨት ላይ፣ ሌላው ከክፍሏ ቆርቆሮ ላይ የታሰረ ነው።

«እርጅና ነው እትዬ» ብዬ ሳቅኩባት።

ያቺን ሳቅ መልሼ ብውጣት ምን ነበረበት!

ዓርብ... ዘጠኝ ሰዓት።

ምሳ ሳልበላ ከሥራ ተመለስኩ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ናት። ዝናቡ አበስብሶኛል። ጫማዬንም ካልሲዬንም በር ላይ አውልቄ በባዶ እግሬ ገባሁ።

«እትዬ! መጥቻለሁ!»

ኳ።

አንድ ጊዜ። ልብስ እየቀየረች ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ።

ቆየሁ... ቆየሁ... ሆዴ ጮኸ። ጓሮ ካለው ቧንቧ እጄን ልታጠብ ተነሣሁ። የጓሮውን በር ስነካ...

ኳ።

«እትዬ? ጓሮ አትውጣ ነው የምትዪኝ?»



አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

ኳ!

እንዲህ አድርጋ አንኳኩታ አታውቅም። ደንግጬ የክፍሏን በር ከፈትኩት።

ማንም የለም።

አልጋው ተነጥፏል። ማጥፊያው ጠፍቷል። አምፖሉ ግን በርቷል፤ እንደ ወትሮው ደብዘዝ ብሎ ሳይሆን ጎልቶ።

በመስኮቱ አየኋት። ጓሮ ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ትከሻዋ እንጨቱን ተደግፏል፣ እጇ ወደ ሽቦው ተዘርግቷል። ዝናብ የመታውን ልብስ እያነሣች ነው።

«እትዬ!»

አልዞረችም።

ሳፋው እግሯ ሥር ተገልብጧል። የታጠበው ልብስ ጭቃ ላይ ነው። አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም...

እጇን አየሁት። ሽቦውን ጨብጦታል።

የመስኮቱን ብረት ያዝ ሳደርግ እስከ ክርኔ ነዘረኝ። ያኔም አልገባኝም፤ እሷን ብቻ ነበር የማየው። በሩጫ ወጣሁ። የጓሮውን በር በረገድኩት። ባዶ እግሬ ከደፉ ላይ፣ እርጥቡ መሬት ከፊቴ...

ኳ!!

ከጀርባዬ። ከባዶው ክፍል። ከኮርኒሱ አቧራ እስኪረግፍ ድረስ።

ቆይ። አትምጣ።

እግሬ አየር ላይ ቀረ። ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ... ቆርቆሮው፣ ሽቦው፣ ውሃው።

ወደ ባልቦላው በረርኩ። ነቅዬ ጣልኩት።

አምፖሉ ጠፋ። እትዬ ወደቀች።

ደረቷን ተጫንኩ፣ አፏ ላይ ተነፈስኩ፣ ጮህኩ። «እትዬ ተነሺ! ማሙሽ ነኝ! በእናታችን ተነሺ!» እጇ ተጨብጦ ቀርቷል። ጣቶቿን አንድ በአንድ ለመዘርጋት ስታገል ጎረቤት ደረሰልኝ።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ መረመራትና መነጽሩን አወለቀ።

«ካረፈች ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗታል።»

«አይሆንም ዶክተር። አሁን፣ ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ አንኳኩታልኛለች።»

ሐኪሙ አንሶላውን ፊቷ ላይ ሳበው።

የባለቤቴ ወንድም ቅዳሜ እንደ ቃሉ መጣ። ለቀብር።

ከቀብር መልስ ኮርኒሱ ላይ ወጣ። ሲወርድ መዳፉ ላይ አንድ ሚስማር ይዟል።

«ሽቦውን በስቶ አልፏል። ጫፉ ቆርቆሮው ላይ ነው ያረፈው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዓይኔን ሳያይ፣ «የማን ሚስማር ነው?»

«የእኔ» አልኩት።

ያሳደገችኝን እህቴን በገዛ እጄ ገደልኳት። ሰው «ዕጣዋ ነው» ይለኛል። ዕጣዋ አይደለም። አምስት ቀን መጠበቅ አቅቶኝ ነው።

ክፍሉን አፈረስኩት። ጣውላውን ጓሮ ከመርኩት። የልብስ ማስጫውን ሽቦ ቆራርጬ ከነእንጨቱ ጣልኩት። መብራት አስቆርጬ በሻማ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ይሄን አልቻለችም፤ ወንድሟ ጋ ሄዳለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ እንኳን በባዶ እግሬ አልሄድም። ስተኛም ጫማዬን አላወልቅም።

ዛሬ ዘነበ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባራ።

ከጓሮ፣ ከተከመረው ጣውላ...

ኳ።

ቆይ ማለቷ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

ኳ።

ኳ።

ሦስት ጊዜ።

ይሄን የምጽፍላችሁ በሩ ላይ ቆሜ ነው። የጣልኩት እንጨት ቦታው ላይ ቆሟል። የቆራረጥኩት ሽቦ ተወጥሯል፤ ውሃ ያንጠባጥባል።

አሁን ደግሞ እግሬን አየሁት።

ጫማ አላደረግኩም። መቼ እንዳወለቅኩት አላውቅም...