የኦዲል ሳቅ በአሸንዳው ላይ

«ፊርሚን! የት ነህ አንተ? ውጣ!»

ፊርሚን መዶሻውን እንደያዘ ከድንጋይ ጠራቢዎቹ ዳስ ብቅ ሲል ልቡ ዘለለ። ኦዲል ናት! ከካቴድራሉ ሥር አይብ የምትሸጠው ኦዲል! በየማለዳው ከእሷ ይገዛል፤ ከ«እንደምን አደርሽ» አልፎ ግን ምላሱ ተላውሶ አያውቅም።

ዛሬ ፊቷ በንዴት ቀልቷል። ጣቷን አዲሱ አሸንዳ ላይ ቀሰረች። ነገ ጣሪያው ጫፍ ላይ ወጥቶ የዝናቡን ውሃ በአፉ የሚተፋ የድንጋይ አውሬ ነው። ክንፍና ጥፍር አለው። ፊቱ ግን... የኦዲል ነው! አፉ በሳቅ ተከፍቷል፤ የተጣመመችው የፊት ጥርሷ እንኳ አልቀረች።

«ይቺ ማን ናት?»

«አን... አንቺ ነሽ።»

ዓሣ ሻጯ ማዳም ጊቦ ከኋላ ሳቀች። «ጉድሽ ፈላ፣ የኔ ልጅ! ጠራቢ የጠላውን ሰው ነው አሸንዳ የሚያደርገው። የባሌን አጎት አታዪውም? ይኸው እዚያ ላይ ውሃ ሲተፋ ይኖራል!»

ይህን የሩዋን ከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፊርሚንም ያውቃል። ግን ድንጋዩን ሲጠርብ ሐሳቡ ሁሉ እሷ ዘንድ ስለነበር ጨርሶ ረስቶት ነበር!

«ምን በደልኩህ?» ኦዲል ወደ ፊርሚን ዞረች። «በዚህ ጥርሴ አፍሬ ስስቅ አፌን የምሸፍን ሰው ነኝ። አንተ ለከተማው ሁሉ ልታሳየው? ስበረው! አሁኑኑ! ከዛሬ ወዲያም ደጄ እንዳትደርስ!»

ፊርሚን መዶሻውን አነሳ። ድንጋዩስ ይሰበር! ግን ዝም ብሎ ከሰበረው፣ ጠልቶኛል ብላ መሄዷ ነው...

መዶሻውን ወረወረው።

«አልጠላሁሽም! እኔ... እወድሻለሁ!»

«ታዲያ ቅድስት አታደርገኝም ነበር? የካቴድራሉ በር ላይ ስንት ቅድስት ተደርድሮ የለም እንዴ!»

«ቅዱሳኑ ሁሉ አፋቸው ዝግ ነው፣ ኦዲል! እኔ የወደድኩት ደግሞ ሳቅሽን ነው!»

ኦዲል አሸንዳውን ትክ ብላ አየችው።

«ለመሆኑ ይሠራል?»

«ገና... ገና አልሞከርኩትም።»

የውሃ ባልዲ አነሳችና በአውሬው ጀርባ ቦይ ላይ ገለበጠችው። ውሃው በተከፈተው አፍ ተወርውሮ የማዳም ጊቦ ሽርጥ ላይ አረፈ!

«ኧረ በሰበስኩ! እናንተ ባለጌዎች!»

ኦዲል ከት ብላ ሳቀች። እጇ አፏን ሊሸፍን ተነሳ፤ መንገድ ላይ የፊርሚንን እጅ አገኘና እዚያው ቀረ።

በተጋቡ ዕለት ዘነበ። ከካቴድራሉ ሲወጡ ሰው ሁሉ ወደ አሸንዳው ቀና አለ። አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች፣ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ይስቁ ነበር!