በብብት የተሸሸገች እህት

ሞግዚት ወደ ጥርስ ሐኪሙ ማረፊያ ክፍል ሲገባ ክንዶቹን ከጎኑ አላላቀቀም። ሞግዚት የሚስጥር ስሙ ነው። በቀኝ ብብቱ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ብልቃጥ፣ በግራው ሌላ፣ በፕላስተር ተጣብቀዋል። ውስጣቸው ያሉት ሴሎች በሕይወት አሉ።

የላከው የስለላ ድርጅት፣ «ማዕከሉ»፣ የሚያውቀው አንዱን ብልቃጥ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሙያ ልማድ ነው፤ ሴል የሚያሳድግ ሰው ያለውን ሁሉ ለአንድ ዕቃ አያምንም።

ሴሎቹ ከአንዲት ሟች ሴት የአንጀት ዕጢ የተወሰዱ ናቸው። ሲያድጉ ግን ነርቭ ይመስላሉ። ክር እያወጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ስሜትንና እንቅልፍን የሚገራውን ሴሮቶኒንንም ያመነጫሉ። መድኃኒት የምትፈትንባቸው ዶክተር የሟቿ ታናሽ እህት ናት። ጠዋት ጠዋት ካፖርቷን ሳታወልቅ «እቴቴ በላች?» ትለዋለች። ሞግዚትም ምግባቸው የሆነውን ፈሳሽ ቀይሮ «በልታለች» ይላል። ተራ የላብራቶሪ ሠራተኛ ሆኖ ነበር የገባው፤ ውሎ አድሮ እንደ ወንድም ታየው ጀመር። እሱ ምንም አልተሰማውም። ሥራ ነው።

አለቃው «አጎት» ያዘዘው አጭር ነበር፤ ሴሎቹን በሕይወት አምጣ፣ የላብራቶሪውን ቁልፍ ቅጂም ስጠን። ቁልፉን ትናንት ሰጥቷል።

ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው ጋዜጣውን አጠፈ። እግሮቹ መካከል ሰማያዊ ሳጥን አለ።

«ጥርስህን ነው?»

«መንጋጋዬን። ሲነፍስ ይብሰኛል።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ሞግዚት እጁን ወደ ጃኬቱ ሰዶ የቀኙን ብልቃጥ አላቀቀ። ሰውየው የሳጥኑን ክዳን ከፈተ።

በረዶ።

እንደዚህ ያሉ ሴሎች ከሰውነት ሙቀት ወጥተው በረዶ ላይ ከዋሉ ክራቸውን ሰብስበው ይረግፋሉ። ይህንን ሞግዚት ራሱ ለአጎት አስረድቶ ነበር።

«ይሞታሉ» አለ።

«ሳጥኑን ያስያዘኝ አጎት ነው።»

ያኔ ገባው። ዶክተሯ ሰሞኑን የፈተነችው አንድ የሚያስተኛ መድኃኒት የሴሎቹን ሴሮቶኒን አድርቆታል፤ እሷም ዝም እንደማትል ተናግራለች። ይህን ወሬ ለማዕከሉ ያቀበለው ሞግዚት ነው። መድኃኒቱን በእስረኞች መመርመሪያ ክፍሎቹ የሚጠቀምበት ማዕከሉ ነው። የሚፈልገው ሴሎቹን ሳይሆን ሞታቸውን ነው።

ቁልፉ።

ብልቃጡን በረዶው ላይ አስቀመጠው። ሰውየው ሌላ እንዳለው ጠየቀው፤ የለም አለ። ሰውየው አላመነም፤ ሊዳስሰው እጁን ሲዘረጋ ነርሷ ብቅ ብላ ተረኛ ጠራች። ሞግዚት ተነሥቶ ገባ። ሐኪሙን ይቅርታ ጠይቆ በጓሮ በር ወጣ። አልሮጠም፤ የሚሮጥ ሰው ብልቃጥ ይሰብራል።

ላብራቶሪው ጋ ሲደርስ መስኮቶቹ ይጨሳሉ። ሰው አልተጎዳም። ማሞቂያው፣ ማቀዝቀዣው፣ የዓመታት ልፋት ግን ነዷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሱ የቆጡን አስነድዶ የብብቱን ይዞ ቀረ።

ዶክተሯ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታያለች። ወደ አንድ ግንብ ጥግ ወሰዳትና የግራውን ብልቃጥ አውጥቶ ሰጣት። ምንም ከመጠየቋ በፊት ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

«እቴቴ አንተ ጋ ምን ትሠራለች?»

ነገራት። ማን እንደላከው፣ ቁልፉን ማን እንደሰጠ፣ መድኃኒቱ የማን እንደሆነ። ወደ ቤቷ ሳትመለስ ዛሬውኑ ከከተማው እንድትወጣ፣ እህቷንም ሌላ አገር ላለች የሙያ ባልደረባዋ እንድታደርስ መከራት። ጸጸት እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም። ደረቱ ውስጥ ባዶ ክፍል ብቻ ነበር።

ዶክተሯ ወደ እሱ ዞረች።

«ስምህ ማነው? የእውነቱን።»

ለዓመታት በአፉ ጠርቶት አያውቅም። ቢሆንም ነገራት፤ ከነአባቱ።

«አላውቀውም» አለችና ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ ሄደች።

ሞግዚት ለአጎት ደወለ። «ሁሉም ሞተዋል» አለ። አጎት ጎበዝ አለው፤ ለሚቀጥለው ሥራ ሌላ ስም ተዘጋጅቶለታል።

ስልኩን ፍሳሽ ውስጥ ጣለና አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰልፍ ውስጥ ገባ። ከኋላው የመጣች ሴት የሰልፉ መጨረሻ እሱ እንደሆነ ጠየቀችው። ነኝ አላት። ፊቱን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።