ትከሻ የመታው ውጅግራ

ተዋናዩ በላይ የሞተው ካሜራ ፊት፣ ሁሉም እያየው ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ የጣሊያን ወረራ ዘመን ፊልም ሲቀረጽ፣ የአርበኛ ልብስ ለብሶ እየፎከረ ወደ ባንዳዎቹ ረድፍ ሮጠ። ጠመንጃዎቹ ተተኮሱ፤ ወደቀ። ዳይሬክተሯ ሰርካለም «ግሩም ነው! በቃ፣ ተነስ በላይ!» ብትለው አልተነሳም።

ኢንስፔክተር ሀይማኖት ስትደርስ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ፊት ለፊት ሆኖ የተኮሰበት፣ ያለው የሚባለው ተዋናይ በካቴና ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ የጥንት ጠመንጃ ናት፤ በእሱ ውጅግራ ውስጥ የተገኘው ቀለህ ደግሞ አፉ ልሙጥ፣ የእውነተኛ ጥይት ነው። ለፊልም የሚታደለው እርሳስ አልባ ጥይት ግን አፉ የተጨማደደ ነው።

«ዋናውን ሚና ወስዶብኝ ተጣልተን ነበር» አለ ያለው ሳትጠይቀው። «ግን አልገደልኩትም።»

«ጥይቱን ማን አጎረሰልህ?»

«የመሣሪያ ኃላፊው ሚሊዮን። የሁላችንንም እሱ ነው የሚያጎርሰው።»

ሚሊዮን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና መለሰላት። «ያመጣሁት ሁሉ ባዶ ጥይት ነው፣ ኢንስፔክተር። በዚህ አገር እውነተኛ ጥይት የማይገኝበት ቤት አለ? ከኪሱ አውጥቶ ቀይሮት ይሆናል።»

መልሱ ቀድሞ የተሰናዳ መሰላት። ሰርካለምም የተቀረጸውን ምስል ስትጠየቅ ማመንታቷ አላማራትም። «ሲወድቅ ደግሜ ማየት አቃተኝ» አለች ሰርካለም፣ በመጨረሻ ስትሰጣት።

ጠመንጃዎቹን ያዋሱት የአካባቢው ሽማግሌዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱን፣ ጋሽ ሙሐሲንን፣ ትናንት የተመለሰላቸውን ውጅግራ ሰደፍ ሲዳብሱ አገኘቻቸው።

«ዓይኔ ቢደክምም አልሐምዱሊላህ እጄ ደህና ነው። ልጄ፣ ይቺ የአባቴ አይደለችም። የሷ ሰደፍ የጅብ ጥርስ ያረፈበት ነው። ይቺ አሮጌ አስመስለው የቀቧት ናት።»

«ለማን ነገሩት?»

«ለበላይ፣ ለአገሬ ልጅ። ‹ዛሬ ቀረጻው ሲያበቃ በሰው ሁሉ ፊት አጋልጠዋለሁ› አለኝ። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም፤ አፈሩን ያቅልለትና።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ድንኳን ውስጥ ሰብስባ ምስሉን ከፈተች።

«ባዶ ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ትከሻ አይመታም» አለች። «ስለዚህ ተዋንያን የተመቱ ለመምሰል ትከሻቸውን ያነቃንቃሉ። ያለውን እዩት፤ የተነቃነቀው ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ነው። አስመሰለ እንጂ አልተመታም። አሁን ዳር ላይ የቆመውን ባንዳ እዩ።»

ጥምጣም የጠመጠመው ሰው ጭሱ ቡን ሲል ወደ ኋላ ተገፍቶ ተንገዳገደ።

«ማነው እሱ?»

«ሰው ሲጎድልብን የቆመልን ሚሊዮን ነው» አለች ሰርካለም።

«ቀለሁ የተገኘው እኮ በእሱ ጠመንጃ ነው!» አለ ሚሊዮን ወደ ያለው እየጠቆመ።

«አዎ። ሁሉም ወደ በላይ ሲሮጥ ግን ጠመንጃዎቹን የሰበሰብከው አንተ ነህ። ያን ጊዜ የእሱን ቀለህ በራስህ ጠመንጃ ቀለህ ለወጥከው። የጋሽ ሙሐሲንንም ውጅግራ ልትሸጥ አስቀርተህ አምሳያዋን መለስክ፤ በላይ ደረሰብህ። እውነተኛዋን ከመኪናህ መቀመጫ ሥር አግኝተናታል።»

ሚሊዮን እጁን ከደረቱ አወረደ። «እንዳያጋልጠኝ ለመንኩት» አለ። «እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት።»

ካቴናው ከእጁ ሲፈታለት ያለው ከተቀመጠበት አልተነሳም። «ለቀብሩ እደርሳለሁ?» አለ።

«ትደርሳለህ።»

«እናቱ እኔ የገደልኩት ነው የሚመስላቸው።»

ሀይማኖት የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። «ተነስ» አለችው። «ልቅሶው ቤት አብረን ገብተን መጀመሪያ እኔ እናገራለሁ።»