አኻያው ላይ የተሰቀለው ሻሽ

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሞሮኮዋ የፍል ውሃ መንደር በአይን ሐሚያ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ከዓለቱ ሥር የሚፈልቀው ውሃ ሃምሳ አንድ ዲግሪ ነው። በወንዙ ዳር በድንጋይ የተከበበው ገንዳ ግን ሠላሳ ዘጠኝ ነበር፤ በወንዙ በኩል የአንድ ስንዝር ክፍተት ስላለው ቀዝቃዛ ውሃ ይገባበታል። ክፍተቱን የሚዘጋው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ዳር ላይ ተጋድሟል። የእማማ ኢቶ ቀይ ሻሽ ደጃቸው ገመድ ላይ ተሰጥቷል። በመንገዱ መታጠፊያ ያለው አኻያ ባዶውን ቆሟል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻሹ አኻያው ላይ ነበር፣ ድንጋዩ ክፍተቱ ውስጥ። ከቅኒጥራ ከተማ የመጡት ሐጂ ማዓቲም ገንዳው ውስጥ ሞተው ነበር።

መቶ አለቃ ኡቃሻ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያ ሥራው መናደድ ሆነ። አስከሬኑ ወጥቷል፤ የገንዳውን ዙሪያ የሃያ ሰው ኮቴ አቡክቶታል፤ ጥቁሩ ድንጋይም ተነሥቷል።

«ድንጋዩን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ የገንዳው ጠባቂ እማማ ኢቶ፣ እስከ ክርናቸው ጭቃ እንደ ሆኑ። «ሰው እየተቀቀለ አንተን ልጠብቅ ኖሯል?»

«ጭቃው ከየት መጣ?»

«በወንዙ በኩል ድንጋዩን ጥርቅም አድርጎ ለስኖት! እጄ እስኪላጥ ነው የቧጠጥኩት።»

ስልኩ ጮኸ። አቃቤ ሕጉ ነበር። «አደጋ ነው። ሰውየው ልበ ድካም ነበሩ፤ አሮጊቷ ክፍተቱን ዘግታ ረሳችው። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጨርስ፤ ሌላ ሰው እንዳይገድል ገንዳውን የሚደፍነው ሲሚንቶ ተጭኗል—» መስመሩ ተቋረጠ። ኡቃሻ ኔትወርክ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ኮረብታውን ወጣ፤ ሦስቴም ተቋረጠበት።

«ሊደፍኑት ነው?» አሉ እማማ ኢቶ። «ሠላሳ ዓመት በነጻ ያጸዳሁትን? አራሷስ፣ ቁርጥማታሙስ የት ይሂድ?»

«እማማ፣ ክፍተቱን ዘግተው ረሱት?»

«ባቄላ ስለቅም ነው የዋልኩት! የመንደሩ ሴት ሁሉ አብሮኝ ነበር። ስመለስ ሻሼ ዛፍ ላይ! ሴቱ ሁሉ እርሻ ላይ፣ ታዲያ ማን ነው የሚታጠበው ብዬ ገባሁ።»

በአይን ሐሚያ ሴቶች ሲታጠቡ ቀድማ የመጣችው ሻሿን አኻያው ላይ ትሰቅላለች፤ ያን ያየ ወንድ ይመለሳል። ከመንደሩ መግቢያ ድልድይ ወዲያ ይህን የሚያውቅ የለም። ኡቃሻ ራሱ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አዲስ ተዛውሮ ሲመጣ የተማረው ተፈንክቶ ነው።

«አንተስ ቶሎ ገባህ» አሉ እማማ ኢቶ። «በመጋቢት አንድ የከተማ ሰው ሻሹን አልፎ ዘው ሲልብን፣ የእንጨት ጫማዬን ከኋላው ለቀቅኩበት። ጆሮ ግንዱን! ፊቱን ሳያሳየኝ ፈረጠጠ።»

ኡቃሻ ሻሹን አገላበጠው። ጠርዙ ላይ አራት ጥቁር የጣት አሻራዎች አሉ። ድንጋዩንም እንደ ነበረው አስመልሶ ሙቀቱን ለካ። በግማሽ ሰዓት አርባ ስድስት ገባ።

ሐጂ በመጡባት መኪና ዘንድ ልጃቸው ግዝላን እሳት ዳር ተቀምጣ ነበር። በሸክላ ድስት የጣደችው የጣጂን ወጥ አሮ ከስሏል።

«አባቴ ሙቅ ውሃ ያስተኛዋል። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ብቻ ስላለው ሁልጊዜ ሰው ይጠራዋል። የዛሬው ተራ የባለቤቴ የረዱዋን ነበር።»

«እዚህ እንቁም ያለው ማነው?»

«ረዱዋን። ነጻ ፍል ውሃ አለ ብሎ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጉዞው ለሽርሽር አይደለም፣ ጌታዬ። አባቴ ሚደልት አክስቴ ዘንድ ሊያደርሰኝና ሊያፋታኝ ነበር። ያለ እሱ አልደፍረውም።»

ሾፌሩ ቡሽታ ሞተሩን ከፍቶ ይራገማል። «ይቺ አሮጊት አቀበት ባየች ቁጥር ትፈላለች!»

«ወደ ወንዙ ወርደሃል?»

«ከመታጠፊያው በታች ውሃ ልቀዳ። ሌላውን ጊዜ እዚሁ ነኝ፤ ግዝላንም ከእሳቱ አልተነሣችም።»

«ዛፉ ላይ ምን አየህ?»

«ቀይ ጨርቅ። እጄ ዘይት በዘይት ስለነበር ጠረግሁበት። ምነው፣ የመንግሥት ነው?»

የሐጂ አማች ረዱዋን ኮፍያውን አጥብቆ ደፍቷል። «በሕይወቴ እዚህ መጥቼ አላውቅም፣ ክቡር መቶ አለቃ። ቦታውን ስልክ ላይ ነው ያየሁት።»

«ለምን አልጠራሃቸውም?»

«ልጠራቸው ወርጄ ሻሹን ሳይ ተመለስኩ። ሴቶች ገብተዋል፣ ሐጂም ወጥተው እየተንሸራሸሩ ነው ብዬ።»

ኡቃሻ ቃል በቃል ጽፎ አስፈረመው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም አኻያው ሥር ሰበሰበ።

«ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ክፍተት ቢዘጋ የሚለስነው ከውስጥ ነው። ይህ ግን ከወንዙ በኩል ተለስኗል። ስለዚህ ሐጂ አልዘጉትም። እማማ ኢቶም ከመንደሩ ሴቶች ሁሉ ጋር ባቄላ ላይ ነበሩ። ሻሹንም የሰቀለው ሴት አይደለም፤ የመንደሩ ወንዶች እንዳይቀርቡ የፈለገ ሰው ነው። ከእነሱም ሁለቱ መጥተው ሻሹን ሲያዩ ተመልሰዋል።»

«እና?» አለ ረዱዋን።

«እናማ፣ ቡሽታ ሻሹን አይቶ እጁን ጠረገበት። የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። አንተ ግን አይተህ ተመለስክ። ማን ነገረህ?»

«ማንም ሞሮኳዊ ያውቀዋል!»

«ቡሽታ ሞሮኳዊ ነው። እኔም ነኝ፣ ግን ተፈንክቻለሁ። አንተስ? እስቲ ኮፍያህን አውልቅ።»

ረዱዋን አልነቃነቅ ሲል ቡሽታ ከኋላው መንጭቆ አወለቀው። ከግራ ጆሮው ጀርባ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ አለ። እማማ ኢቶ ጫማቸውን አውልቀው ተረከዙን ገጠሙበት። ልክክ አለ።

«ይኸው ማኅተሜ!»

ረዱዋን ወደ ሚስቱ ዞረ። «አባትሽ ባይኖር ትመለሺልኝ ነበር።»

«አሁንማ» አለች ግዝላን እንባዋን ሳትጠርግ፣ «ሬሳዬም አይመለስ።»

ስልኩ ጮኸ። «ፋይሉ ተዘጋ?» አለ አቃቤ ሕጉ። «አሁን ገና ተከፈተ» አለ ኡቃሻ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩ አልተቋረጠም።

የሲሚንቶው መኪና ከድልድዩ ላይ ተመለሰ። እማማ ኢቶ ጭቃውን ፍቀው ጥቁሩን ድንጋይ ዳር ላይ አጋደሙት። ኡቃሻ ቴርሞሜትሩን ነክሮ ጠበቀና የመዝገቡን የመጨረሻ መስመር ጻፈ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ ክፍተቱ አንድ ስንዝር፤ ውሃው ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ።