የጋሽ ፍሬን ያልተሰማ ፍርድ

ጋሽ ፍሬን ሞተው የተገኙት ፍርዳቸውን ሊሰጡ በቀጠሩበት ዕለት ጠዋት ነው። አስከሬናቸው የነበረው በጭነት ማመላለሻ ድርጅቱ ጋራዥ ውስጥ፣ መካኒኮች መኪናን ከሥሩ ለማየት በሚወርዱበት ረጅምና ጠባብ ጉድጓድ መሀል ላይ ነው። ከላያቸው ባለ ማቀዝቀዣው የወተት መኪና ጉድጓዱን እንደ ክዳን ገጥሞት ቆሟል።

መርማሪዋ መኪናው ባልሸፈነው በጉድጓዱ ጫፍ ባለው ደረጃ ወርዳ፣ ጎንበስ እያለች አጠገባቸው ደረሰች። አንገታቸው ተሰብሯል፤ ከጭንቅላታቸው በስተኋላ ደም ረግቷል። ሁለቱን እጆቻቸውን ተራ በተራ አንስታ አገላብጣ አየች፤ ከዚያም አሸተተቻቸው።

«ደግሞ ምን ይሸታሉ?» አለ የጋራዡ ኃላፊ ከላይ ሆኖ፣ በጎማዎቹ መሀል አንገቱን አስግጎ። አስከሬኑን ያገኘውም ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው።

«ሳሙና» አለች።

«ምስኪን! በጨለማ ሲወርዱ ዘይት አዳልጧቸው ነው። ይሄ ጉድጓድ ስንቱን ሊበላ ነበር እኮ!»

ከአስከሬኑ እስከ ደረጃው ያለውን ርቀት በዓይኗ ለካች። ደረጃው ላይ ያዳለጠው ሰው ደረጃው ሥር ይወድቃል እንጂ ጉድጓዱ መሀል ድረስ ሄዶ አንገቱን አይሰብርም። ከጎን ወደቁ እንዳይባል ደግሞ፣ መኪናው ከላይ እያለ በደረቱ ካልተሳበ በቀር ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ሰው የለም። ይህን በልቧ ይዛ ወጣችና አስከሬኑ ወደ ሐኪም ቤት እንዲወሰድ አዘዘች።

ጋሽ ፍሬን ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ስሙ የወጣላቸው ጠብ ሲፋፋም ገብተው ስለሚያስቆሙ ነው። ትናንት ወደ ማታ አራት ሰዎችን እዚሁ ጋራዥ ቢሮ ሰብስበው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ወተቱን የሚገዛው ትልቁ መደብር ዕቃ ካረፈደበት አቅራቢውን ገንዘብ ይቀጣል። ቅጣቱን የጣለው በወተት ፋብሪካው ላይ ነው፤ ፋብሪካው «ያረፈደው አጓጓዡ ነው» ብሎ ለጭነት ድርጅቱ አሻገረው፤ ድርጅቱ ደግሞ «ያረፈደው ሾፌሩ ነው» ብሎ ሾፌሩ ጫንቃ ላይ ጣለው። ከሾፌሩ በታች የሚጣልበት ሰው ስላልነበረ ሽማግሌ ተፈለገ። ጋሽ ፍሬንም ሁሉንም ሰምተው፣ «መኪናውን በዓይኔ ሳላይ አልፈርድም። ነገ ጠዋት ኑና ማን እንደሚከፍል እነግራችኋለሁ» አሏቸው። ነገ ጠዋት ሆነ። ሁሉም በቀጠሯቸው መጡ፤ ፈራጁ ብቻ ቀሩ።

መርማሪዋ ቢሮው ውስጥ ተቀምጣ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው። መጀመሪያ የገባው የመደብሩ ዕቃ ተረካቢ ነው፤ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ቀጭን ሰው።

«ትናንት ከስብሰባው በኋላ የት ሄዱ?»

«እኔ እንግዲህ ተረካቢ ነኝ። ወተት ካረፈደ መደርደሪያዬ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ቅጣቱ ተገቢ ነው።»

«ስለ ወተቱ አልጠየቅኩዎትም።»

«ቤቴ ገባሁ። ግን ውሉ እንደሚለው...»

«ሰው ሞቷል፣ ጌታዬ! ሲወጡ የወተቱ መኪና የት ነበር?»

«በሩ ጎን ግድግዳው ሥር ነዋ! መኪናዬን ዘግቶብኝ፣ ወደፊት ወደኋላ ስል አምሽቼ ነው የወጣሁት። እሱስ ማስረፈድ አይደለም?»

የፋብሪካው የሽያጭ ሠራተኛ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ «እኛ በሰዓቱ ነው የጫንነው» አለ።

«ማን ጠየቀዎት?»

«ኋላ እንዳይባል ብዬ ነው። ወተቱ ከግቢያችን ከወጣ በኋላ እኛን አይመለከተንም።»

«የጋሽ ፍሬን ሞትስ?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «እሱም ከግቢያችን ውጪ ነው» አለ።

መርማሪዋ ደሟ ፈላ። ብዙ ነፍሰ ገዳይ አነጋግራለች፤ ሁሉም ስለ ግድያው ይዋሻሉ። እነዚህ ግን መዋሸት እንኳ አልፈለጉም፤ ግድያው ከቁም ነገር አልተቆጠረላቸውም። ከራስ በላይ ነፋስ ነው ነገራቸው። ይባስ ብሎ አለቃዋ ደወሉ።

«ሾፌሩ ሽማግሌው ላይ ሲጮህ ተሰምቷል አሉ። ምን ትጠብቂያለሽ? ይዘሽው ነይ እንጂ! ደግሞ አታርፍጂ።»

«እሺ» ብላ ዘጋችውና ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ቀጥለው የገቡት የጭነት ድርጅቱ ባለቤት ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል። የጋራዡ ኃላፊ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ዓይናቸው አብጧል።

«ዘንድሮ ቅጣት ፈጀኝ፣ እህቴ። መኪኖቼ ዳገት ላይ እየቆሙ አለቅሁ። ወንድሜ ሾፌሮቹ መንገድ ላይ እየተኙ ነው ይለኛል። እኔም ከደመወዛቸው እቆርጣለሁ። ምን ላድርግ?»

«የዚህኛውንም ሾፌሩ እንዲከፍል ፈልገው ነበር?»

«እንዴታ! ወንድሜም እስከ ትናንት ‹አንድ ሳንቲም እንዳትተይለት› ሲለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ስመጣ፣ ሽማግሌው ወድቀው፣ ‹እትዬ፣ እኛው እንክፈልና ነገሩ ይብቃ፤ ከጎደለሽ እኔ እሞላለሁ› አለኝ። ሐዘን ልቡን አራራው መሰለኝ።»

መርማሪዋ ቀና አለች። ሾፌሩን አስጠራች።

ሾፌሩ ወጣት ነው፤ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ ተቀመጠ።

«ጋሽ ፍሬን ላይ ጮኸህባቸዋል?»

«አዎ፣ ጮኼባቸዋለሁ። ‹ጥፋቱ የልጁ አይደለም ብለው አይገላግሉኝም?› አልኳቸው። ‹ሳላይ አልልም› አሉኝ። እህቴ፣ ያ ቅጣት በእኔ ላይ ከወደቀ የወራት ደመወዜ ነው። ሚስቴ አራስ ናት። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ሳሩ እኔ ሆኜ ተገኘሁ።»

«ለምን አረፈድክ?»

«መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ከዳው። ናፍጣ አይደርሰውማ! ናፍጣውን የሚያጣራው ፊልትሮ ይፈታና ይታይ ብዬ ለጋሽ ፍሬን ነግሬያቸዋለሁ። ወተቱን አራግፌ ስመለስ ሞተሩ ጨርሶ ጠፋ፤ በገመድ ተጎትቶ ነው እዚህ የገባው።»

ተነሳችና ወደ መኪናው ወሰደችው። ሾፌሩ ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄን እዚህ ማን አመጣው?»

«አስነሳው እስቲ።»

ጋቢናው ውስጥ ገባና መኪናው ላይ የተተወውን ቁልፍ አዞረ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሌላ ሾፌር ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ ይሄኛው ፊቱ አመድ መሰለ። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወረደ፣ ክዳኑን ገልጦ አጎነበሰ። አዲስ ፊልትሮ ውስጡ ያብረቀርቃል።

«ቀይረውታል!» አለ ጭንቅላቱን ይዞ። «አሮጌው የለም! ያቺ ነበረች ጠበቃዬ። አሁን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ ትከሻውን ያዝ አደረገችው። ከማለዳው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቅጣቱ የተነገረ ነገር ስለ ሞቱም የሚናገር ሆኖ አገኘችው።

ሁሉንም ግቢው ውስጥ፣ ድርጅቱ መኪኖቹን የሚሞላበት የናፍጣ ታንከር ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ከቢሮው ያመጣችውን ባዶ የውሃ ጠርሙስ ለጋራዡ ኃላፊ ዘረጋችለት።

«ክፈትልኝና ትንሽ ልቅዳ።»

«ቁልፉን ቤት ረስቼዋለሁ።»

«እኔም ጋ አለ» አሉ እትዬ፣ ቦርሳቸውን እየከፈቱ። ወንድምየው እህቱን አያቸው።

መርማሪዋ ቀድታ ጠርሙሱን በርሜል ላይ አስቀመጠችው። ናፍጣው ደፍርሷል።

«ይሄ እስኪጠልል እናውራ» አለች። «ጋሽ ፍሬን በደረጃው ሲወርዱ አልወደቁም፤ የተገኙት ከደረጃው ርቀው ነው። ከጎንም አልወደቁም፤ መኪናው አያስገባም። ስለዚህ ሲወድቁ ጉድጓዱ ክፍት ነበር። መኪናው ከላይ የመጣው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው።»

«ራሳቸው አምጥተውት፣ ከዚያ ወርደው ቢሆንስ?» አለ የጋራዡ ኃላፊ።

«በምን አስነስተውት? ተጎትቶ የገባ መኪና ነው። የተነሳው ፊልትሮው ስለተቀየረ ነው። የናፍጣ ፊልትሮ የሚቀይር ሰው እጁ በናፍጣ ይታጠባል፤ ሽታው ደግሞ በሳሙና ቢታጠቡትም ቶሎ አይለቅም። የጋሽ ፍሬን እጅ ሳሙና ነው የሚሸተው። ፊልትሮውን ሌላ ሰው ቀይሯል።»

ተረካቢው ወደ ሾፌሩ አየ። «ያው መኪና የሚያውቅ ሰው ነዋ» አለ።

«እርስዎና የፋብሪካው ሰው ጥገና አታውቁም፤ እትዬም መሪ ጨብጠው አያውቁም። የሚቀሩት ሁለት ናቸው። ሾፌሩ ግን ያንን አሮጌ ፊልትሮ አንጠልጥሎ አገር ለአገር ቢዞር ነው ደስ የሚለው፤ ከቅጣቱ የሚያድነው እሱ ብቻ ነበር። የራሱን ምስክር የሚያጠፋ ሰው የለም። ያጠፋው ምስክሩ የሚመሰክርበት ሰው ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ጋራዡ ኃላፊ ዞረ።

«ከጠዋት ጀምሮ ሁላችሁም ‹እኔ አልከፍልም› ስትሉ ጆሮዬ ደነቆረ» ብላ ቀጠለች። «አንድ ሰው ብቻ፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ብሎ፣ ‹እኔ ልክፈል› አለ። ለዚያውም ትናንት ‹አንድ ሳንቲም እንዳትተይለት› ሲል የነበረ ሰው። ቅጣቱ ከተከፈለ መኪናው ለምን እንዳረፈደ የሚጠይቅ አይኖርማ! እስቲ ጠርሙሱን እዩ።»

አዩ። ናፍጣው ወደ ላይ ወጥቶ ጠርቷል፤ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ተኝቷል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች መርማሪዋ። «ዘንድሮ ዳገት ላይ የቆሙት መኪኖች ሁሉ ከዚህ ነው የጠጡት። አንድ ሰው ናፍጣውን ይሸጣል፣ የጎደለውን በውሃ ይሞላል። ጋሽ ፍሬን ትናንት ማታ መኪናውን ለማየት ሲመለሱ አንተ እዚህ ነበርክ።»

የጋራዡ ኃላፊ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው። የሚያሳርፍበት ቦታ የጠፋው ይመስል ነበር።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ። «‹ይሄን ፍታልኝ› አሉኝ፤ ፈታሁት። ውሃው ሲንጠባጠብ አዩና ‹ማን እንደሚከፍል ነገ ለእህትህ እነግራታለሁ› አሉኝ። ለመንኳቸው። ‹ስንት ልጅ ደመወዙን የተቆረጠው ባንተ ነው› ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋኋቸው። አንድ ጊዜ!»

«ከዚያ መካኒክነትህ ያዘህ» አለች መርማሪዋ። «ማስረጃውን ለማጥፋት ስትል አዲሱን ገጠምክ፤ ሥራ ላይ ሆነው የወደቁ እንዲመስል መኪናውን ከላይ አመጣህ። ሌላ ሌባ ቢሆን አበላሽቶ ይሄድ ነበር። አንተ ጠግነህ ሄድክ።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት እትዬ ከኋላው አልሄዱም። በቆሙበት ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

«ይቅር በለኝ። ያንተንም፣ የሌሎቹንም ልጆች... ሁሉንም እመልሳለሁ። ቅጣቱም የእኔ ነው።»

መርማሪዋ ይህን ስትሰማ ደረቷ ቀለል ያለላት መስሏት ነበር። የፋብሪካው ሰው ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ መኪናው ይነሳል ከተባለ፣ የዛሬው ወተት ተጭኖ እየጠበቀ ነው።»

«እኛም የማራገፊያ ተራ ይዘንለት ነበር» አለ ተረካቢው ሰዓቱን እያየ። «አሁን ካልተነሳ እኮ ያረፍዳል። ካረፈደ ደግሞ ያው እንደሚታወቀው...»

እትዬ መሬት መሬት አዩ፤ ከዚያ በቀስታ፣ «ትወስድልኛለህ?» አሉት ሾፌሩን።

ሾፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ ውሃው ከተኛበት ጠርሙስ አጠገብ አስቀመጠው።

«የጋሽ ፍሬን ሚስት ሐኪም ቤቱ በር ላይ ብቻቸውን ቆመዋል» አለ። «እኔ እዚያ ነው የምሄደው። ወተቱ ያርፍድ።»