አራተኛው ደረጃ

«ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ዛሬ ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ሆኗል» አሉ ሹራብ ሠሪዋ፣ የሹራብ መርፌዎቹን ከጭናቸው ላይ ሳያነሱ።

ዱቄት የሚሏት ልጅ ወረቀቱን ከደብተሯ መሀል አወጣች። ይህን ቤት ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ የመብራቱን ቢል፣ ከልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት የሚመጣውን ማስታወሻ ሁሉ የምታነብላቸው እሷ ናት። የሹራብ ሠሪዋን ዓይን ሞራ ከጋረደው አራት ዓመት ሆኖታል። ሥራውን በጣታቸው እየዳበሱ ይሠሩታል፤ ቀለሙን ግን ሰው መጠየቅ አለባቸው። አንድ ጊዜ የልጅ ልጃቸው አረንጓዴውን ክር «ቀይ ነው» ብሎ አቀብሏቸው፣ አንድ እጅጌው ለብቻው አረንጓዴ የሆነ ቀይ ሹራብ ሠርተው አረፉት። ያወቁትም ደንበኛቸው በሳቅ ሲፈርስ ነው። ከዚያ ወዲህ «እኔ የማምነው የዱቄትን ዓይን ብቻ ነው» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሉ።

ዱቄት ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። የክፍሏ ልጆች ናቸው ያወጡላት። አባቷ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ባለው ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጎራ ብላ ትሰናበተዋለች፤ ትከሻዋን ቸብ ሲያደርጋት የአምስት ጣቱ ምልክት ዩኒፎርሟ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ልጆቹ እሱን አይተው ነው ስሙን የለጠፉባት። አሁን ዩኒፎርሟ ንጹሕ ከሆነ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ስሙ ግን አልለቀቃትም። «ዱቄት፣ ዳቦው ቀረ እንዴ? አቦ ተርበናል እኮ» እያሉ ሙድ ሲይዙባት አብራ ትስቃለች።

ነገሩ የጀመረው ሜትር ይዘው በመጡ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ነው። አዲስ ደንብ ወጥቷል፤ ከመኖሪያ ቤት ሠላሳ ሜትር ባልራቀ ቦታ በእንጨት የሚነድ ምድጃ አይፈቀድም። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። አንደኛው እንዲያውም የተሰጠውን ትኩስ ዳቦ እየገመጠ ነው የለካው። ከጭስ ማውጫው እስከ ሹራብ ሠሪዋ መስኮት ዘጠኝ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ሰውየው «ዳቦው ግን አንደኛ ነው» ብሎ አፉን ጠረገና ማስጠንቀቂያውን በሩ ላይ ለጠፈው። በኤሌክትሪክ ምድጃ መቀየር ይቻላል ተብሎ ነበር። ባለ ዳቦ ቤቱ ዋጋውን ጠይቀው መጡ፤ አቅማቸው አልፈቀደም። በሳምንቱ እሳቱ ጠፋ። ሊጥ አቡኪው ግንባታ ቦታ ብሎኬት ተሸካሚ ሆነ፤ ሻጯ ጓዟን ጠቅልላ ወደ እህቷ ሄደች፤ የዱቄት አባት ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ብስኩት ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያ ካርቶን ያሽጋል።

ዱቄት አባቷን ካርቶን ሲያሽግ በሐሳቧ ልትሥለው ሞክራ አልሆነላትም። እሱ የምድጃውን ሙቀት እንኳ የሚለካው በመሣሪያ አልነበረም። አንድ ቁንጥር ዱቄት የምድጃው ወለል ላይ ይበትንና «ቁጠሪ» ይላታል። አሥር ላይ ወርቃማ ከሆነ ሊጡ ይገባል፤ ሰባት ላይ ከጠቆረ ፍሙን ወደ ዳር ይገፋል። ቁጥር የተማረችው እዚያ ነው። አንደኛ ክፍል እያለች አስተማሪዋ ይህች ልጅ ሰባት ላይ ስትደርስ ለምን ትንፋሿን እንደምትይዝ ግራ ይገባት ነበር።

አባቷ በየእሑዱ ይደውላል። እዚያ እሳት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሁሉም ነገር በቁልፍ እንደሚሠራ ይነግራታል። ሁለት ጊዜ የሥራ ቆቡን እንድትልክለት ለምኗታል፤ ፋብሪካው የሚሰጠው የላስቲክ ቆብ ራሱን ያሳክከዋል። ያቺ ነጭ የጨርቅ ቆብ ከበሩ ኋላ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለች ናት። ዱቄት ሁለቴም «መጥተህ ትወስዳታለህ» ብላዋለች። ቆቧ ከሄደች አባቷ እዚያው ይቀራል የሚል ነገር ልቧ ውስጥ ገብቷል። ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም አልላከችም።

ደንቡ አንድ መውጫ ነበረው። በዙሪያው ያሉ አሥራ ሁለት ቤቶች በሙሉ ከፈረሙ ምድጃው ለሁለት ዓመት ሊፈቀድ ይችላል። ባለ ዳቦ ቤቱ በየቤቱ ዞረው አሥራ አንዱን አስፈረሙ። የቀሩት ሹራብ ሠሪዋ ብቻ ናቸው፤ ወረቀቱ ደግሞ ነገ ቢሮ መግባት አለበት። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባለ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ጠብቀው ወረቀቱን ሰጧት። እሷ ካነበበችላቸው ሴትየዋ ጥያቄ እንደማያበዙ ነገሯት። ከዚያ ፊቷን ሳያዩ «አባትሽን ትናንት አነጋግሬዋለሁ። እሳቱ በተለኮሰ በሳምንቱ እዚህ ነው» አሏት። ቤት ስትገባ እናቷ የአባቷን ብርድ ልብስ ከቁም ሣጥን አውጥታ በረንዳው ላይ አስጥታው ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዛ ነው እዚህ የተቀመጠችው። ወረቀቱ ሦስት አንቀጽ አለው። የመጀመሪያውን፣ ስምና አድራሻ የሚለውን፣ አነበበች። ሁለተኛውን፣ ዳቦ ቤቱ ሥራ ቢጀምር ተቃውሞ የለኝም የሚለውን፣ አነበበች። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ዓይኗ ቀድሞ አየው፤ አንደበቷ ግን አልተከተለም። «ከምድጃው የሚወጣው ጭስ በእኔም ሆነ አብረውኝ በሚኖሩ ሰዎች ጤና ላይ ችግር አስከትሎ እንደማያውቅ አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ይኸው ነው» አለች።

«በቃ?»

«በቃ።»

ሹራብ ሠሪዋ ፈገግ አሉ። የዳቦው ሽታ እሳቸውንም እንደናፈቃቸው፣ ጠዋት የሚነቁት በሰዓት ሳይሆን በሱ እንደነበር አጫወቷት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት። መፈረም ይችላሉ፤ የሚቸግራቸው መስመሩን ማግኘት ነው። ሁልጊዜም ዱቄት የግራ እጃቸውን ጣት ይዛ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ታስቀምጥላቸዋለች፤ የቀረውን እሳቸው ይወጡታል። ጣታቸውን ያዘች። ጣቱ በክር ብዛት ልዝብ ብሏል።

ይህን ጊዜ የሕንፃው በር በኃይል ተዘጋና ከታች የእግር ኮቴ ተሰማ። የልጅ ልጃቸው ነው። «ጠብደል» የሚሉት ለቀልድ ነው፤ ስድስት ዓመቱ ሲሆን ነፋስ የሚወስደው የሚመስል ቀጫጫ ልጅ ነው። ወደ እነሱ ቤት የሚያወጣው ደረጃ አሥራ አራት ነው። ጠብደል ግን አራተኛው ላይ ሲደርስ ቦርሳውን አውርዶ ይቀመጥ ነበር። ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ፣ ደረቱ ሲር ሲር እያለ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ እዚያ ያርፋል። የዱቄት አባት ሲያየው ትንሽ ዳቦ ይዞለት ይወጣና አጠገቡ ቁጭ ይላል። «እኛ ሽማግሌዎች የምናርፈው እዚህ ነው» እያለ ያሥቀው ነበር።

ዱቄት ሳታስበው መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ኮቴው አልቆመም። ሰባት ላይ እሷ ትንፋሿን ያዘች፤ እሱ አልያዘም። አሥራ አራት ላይ በሩ ተበረገደና ጠብደል ቦርሳውን ወርውሮ፣ ውኃ ፍለጋ ወደ ማድ ቤት አለፈ። ጉንጩ ደም መስሏል። ልጁ አራተኛው ደረጃ ላይ መቀመጥ የተወው መቼ እንደሆነ ራሷን መጠየቅ አላስፈለጋትም። ታውቀው ነበር፤ ማወቅ ስላልፈለገች ነው እንጂ።

«እትዬ» አለች፣ ጣታቸውን ሳትለቅ። «አንድ መስመር ዘልያለሁ።»

ሦስተኛውን አንቀጽ አነበበችላቸው። ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችው። ከማድ ቤት ጠብደል ውኃውን ሲጨልጥ ይሰማል።

«ረስተሽው ነው?» አሏት ሹራብ ሠሪዋ።

«አይደለም። አውቄ ነው።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ «አባትሽ ናፍቆሻል አይደል?» ብለው ጠየቋት። ያኔ ልቧ ተከፈተ። በጣም እንደናፈቃት፣ እናቷ አሁንም ሦስት ሳህን አውጥታ አንዱን እንደምትመልስ፣ በደረጃው የወንድ ኮቴ በሰማች ቁጥር እሱ እንዳልሆነ እያወቀች ቀና እንደምትል፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ወደ ጎን መለሰች።

ሹራብ ሠሪዋ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

«በይ ጣቴን አስቀምጪው። እፈርማለሁ። እኔ መስኮቴን ዘግቼ ልጁን አሳድገዋለሁ። አንቺም አባትሽ ከጎንሽ ይሁን።»

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ፣ መስመሩን የሚያሳየውን እየጠበቀ። ዱቄት አሥራ አንዱን ፊርማ አየች፤ ከሥራቸው ያለውን ባዶ መስመር አየች። ብርድ ልብሱ በረንዳው ላይ ተሰጥቷል። አንድ ጣት ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ማንም ምንም አይላትም። ወረቀቱን ሁለት ላይ አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችውና ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

«ምን አደረግሽ?» አሉ፣ ኮሽታውን ሰምተው።

«አጠፍኩት።»

«ዓይኔ ቢያይ ኖሮ እቀማሽ ነበር» አሉ ሹራብ ሠሪዋ። ለጥቂት ጊዜ በእጃቸው ከመቀመጫው ሥር ሲዳብሱ ቆዩና አንድ ድውር ክር አንስተው ወደ እሷ ዘረጉት። «እስኪ ይሄ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ሰማያዊ ነው።»

«እንግዲያው ይሄን ነው የምቀጥለው» አሉና፣ ሳይጠራጠሩ ክሩን ከመርፌው ጋር አያያዙት።

ዱቄት ወረቀቱን ወደ ዳቦ ቤቱ መልሳ ወሰደችው። ባለ ዳቦ ቤቱ ገልጠው ባዶውን መስመር አዩ። ሹራብ ሠሪዋ እምቢ አሉ ወይ ብለው ጠየቋት። «እሳቸው አይደሉም ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለቻቸው። መጥረጊያ አንስተው፣ ሦስት ወር ሙሉ የዳቦ ዱቄት ያልነካውን ወለል መጥረግ ጀመሩ። ዱቄት ቆማ ጠበቀች፤ ቀና ብለው ስላላዩዋት ወጣች። ቤት ደርሳ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ በረንዳ ወጥታ ብርድ ልብሱን ሰበሰበች። አጥፋ ስታበቃ ግን የልጇን ራስ ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው።

አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ። እሑድ አልነበረም። አባቷ የፊርማው ነገር እንዴት እንደሆነ ሲጠይቃት፣ የዘለለችውን መስመር ጭምር ሳትደብቅ ነገረችው። ከበስተኋላው የማሽን ድምፅ ይሰማል።

«ጠብደል አሁን ስንተኛው ላይ ነው የሚያርፈው?» አላት።

«አያርፍም አባዬ። ሮጦ ነው የሚወጣው።»

«እስከ ላይ?»

«እስከ ላይ።»

«ጎሽ» አለ አባቷ። ደህና እደሩ ብሎ ዘጋ። መቼ እንደሚመጣ እሱም አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችውም።

ዱቄት ከበሩ ኋላ ሄዳ ቆቧን ከምስማሩ አወረደቻት። ከጠርዟ ትንሽ ነጭ ብናኝ መዳፏ ላይ ረገፈ፤ አላራገፈችውም። በሌላ እጇ ቆቧን በጋዜጣ ጠቀለለችና የፋብሪካውን አድራሻ እንድትነግራት እናቷን ጠየቀቻት።